ቄቦችን ከነባር ዶሮዎች ጋር መቀላቀል፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጀመሪያው እንቁላል

ነባር ዶሮዎች አዲስ የመጣችን ቄብ የሚያሳድዱት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በአንድ መንጋ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ከቆጡ መሃል እንደሚያድር፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ አስቀድሞ ተለይቷል። ኖርዌያዊው የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ቶርሌፍ ሼልዴሩፕ-ኤቤ ይህን የመነቋቆር ተራ እ.ኤ.አ. በ1921 ጽፎ ከማሳተሙ በፊትም ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። የማይታወቅ ፊት ሲመጣ ተራው ይናጋል፤ እያንዳንዷም ቦታዋን እንደገና በምንቃሯ ታስከብራለች። ስለዚህ ቄቦቹ ከነባሮቹ ጋር አንድ መሬት ከመርገጣቸው በፊት እንግድነታቸው ማለቅ አለበት። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ለዚህ ነው። የማላመዱ ሥራ ብቻውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በአንድ ሌሊት ልገላገለው ያለ ሰው ጠዋት ላይ አንዷን ቄብ ጥግ ተወትፋ፣ አናቷ ተልጦ ቢያገኛት አይደነቅ።

ስንት ዕድሜ፣ ስንት ቄብ፣ በየትኛው ወቅት

6 ሳምንት ያልሞላው ጫጩት ላባው ገና ስላልጠና ሙቀት ይፈልጋል፤ ከትልልቆች ጋር መቀላቀሉ የሚታሰብ አይደለም። ከ8 ሳምንት ጀምሮ በሽቦ ተለይቶ መተያየት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ለመቀላቀል የሚመቸው ግን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ቄቧ ለመሸሽና ከፍ ብላ ለመውጣት አቅም አላት፤ የአናቷ ቀይ ሥጋ ደግሞ ገና ትንሽና ፈዛዛ ነው። ነባሮቹ ይህን እንደ ልጅነት ምልክት ያዩታል። ቀይ ሆኖ የጎላ አናት ያላት ዶሮ በአንጻሩ ተፎካካሪ ናት።

ዕድሜ ብቻውን አያስተማምንም። ነባሮቹ ግዙፍ ዝርያ፣ ቄቦቹ ደቃቃ ከሆኑ ቄቦቹ በአካል ቢያንስ የነባሮቹን ሁለት ሦስተኛ እስኪያክሉ ጠብቁ።

አንዲት ቄብ ብቻዋን አታስገቡ። ሁሉም ጥቃት እሷ ላይ ያርፋል፣ አብራት የምትሸሽ የላትም። ትንሹ ቁጥር 2 ነው፤ 3 ወይም 4 ይሻላል። ለ5 ነባር ዶሮዎች 5 ቄብ መጨመር 2 ከመጨመር ይቀላል፤ መነቆሩ ለብዙዎች ይከፋፈላልና። የምትጨምሩትን ሁሉ በአንድ ዙር ጨምሩ። በየወሩ ሁለት ሁለት ማስገባት መንጋውን ዓመቱን ሙሉ በጠብ ውስጥ ማቆየት ነው።

ነባሮቹ ላባ በሚለውጡበት ጊዜ፣ ዝናብ ሁሉንም ቤት ውስጥ ዘግቶ በሚያውልበት ሳምንት፣ በከባድ ሙቀት ወይም መንጋው መድኃኒት ላይ እያለ አትጀምሩ።

መጀመሪያ ለይቶ ማቆየት

ቄቦቹ እዚያው ግቢ ተፈልፍለው ያደጉ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት። ከውጭ የመጡ ከሆነ ግን፣ የሸጣችሁ ሰው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ለ30 ቀን ለብቻቸው ይቆዩ። ፈንግል ከተያዘች ዶሮ ላይ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። አንድ ሳምንት ጠብቆ «ደህና ናቸው» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ቦታው ከነባሮቹ ቤት ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ጎርፍና እጣቢ ከአንዱ ወደ ሌላው በማይወርድበት በኩል ይሁን። መመገቢያው፣ መጠጫው፣ አካፋውና ባልዲው ለየብቻ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ነባሮቹን አስተናግዱ፣ ቀጥሎ አዲሶቹን፤ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጫማም ለውጡ። በተግባር ብዙ ሰው የሚሸነፈው ጫማው ላይ ነው። አንድ የቆየ ቦቲ ለአዲሶቹ በር ላይ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታል።

በ30 ቀኑ ውስጥ በየሁለት ሦስት ቀኑ እያንዳንዷን ይዛችሁ እዩ። ማስነጠስ፣ አረፋ የያዘ ዓይን፣ ያበጠ ፊት፣ በአፏ መተንፈስ፣ ውሃማ ወይም ደም የነካው ኩስ ካለ መቀላቀሉ ይቁም፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ከፊንጢጣዋ በታች ያለውን ላባ ከፍላችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ላባው ሥር ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር የቅማል እንቁላል ነው። የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ ከተሻከረ ቅርፊቱ ሥር የሚኖር ተባይ አለ። ማታ ደግሞ በባትሪ የቆጡን ሥርና ስንጥቁን እዩ። ቀን ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጡት ተባዮች የሚያዙት በዚያ ሰዓት ነው።

አንዳንድ በሽታ ተሸካሚዋ ላይ ምንም ሳይታይ ይቆያል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ከነባሮቹ አንዷን፣ ብትታመም ብዙም የማይጎዳችሁን፣ ከቄቦቹ ጋር አሳድሩ። እሷ ደህና ከሆነች ልባችሁን ጣል አድርጋችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ጨከን ያለ ዘዴ ነው፤ መንጋውን ሁሉ ለአደጋ ከማጋለጥ ግን ይሻላል።

አደጋው ከነባሮቹም ወደ ቄቦቹ ይሄዳል። አሮጌ ዶሮዎች የተላመዱት ኮክሲዲዮሲስ (አንጀት የሚጎዳ በሽታ) ልምድ የሌላትን ቄብ ሊጥል ይችላል። ከኩስ ጋር የሚወጣው የበሽታው ዘር በእርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ላይ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ለመጋባት ይደርሳል፤ የመድኃኒቱ ግማሽ ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ ነው። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ ጠርጋችሁ አውጡ። ቄቧ ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀብራ ከቆመች፣ ኩሷም ደም ከቀላቀለ ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ክትባት በተመለከተ፣ የፈንግል ክትባት የወሰዱ ቄቦችን 2 ሳምንት ሳይሞላቸው አትቀላቅሉ። የማሬክስ (ዶሮን የሚያሽመደምድ የቫይረስ በሽታ) ክትባት የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን ስለሆነ ስትገዙ ጠይቁ፤ ካደገች በኋላ ብዙም አይረዳም።

ቦታው ይበቃል?

ጠብ የሚባባሰው በጥበት ነው። ከመቀላቀላችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ለኩ። በቤት ውስጥ ለአንዲት ዶሮ 0.4 ካሬ ሜትር፣ በውጭ መዋያ 1 ካሬ ሜትር፣ ቆጥ ላይ 25 ሴ.ሜ.፣ መመገቢያ ላይ 10 ሴ.ሜ. ያዙ። 6 ነባርና 4 ቄብ ካላችሁ 4 ካሬ ሜትር ቤት፣ 10 ካሬ ሜትር መዋያ፣ 2.5 ሜትር ቆጥ ማለት ነው። ቆጣችሁ 1.5 ሜትር ከሆነ የሚችለው 6 ብቻ ነው፤ ቄቦቹ ወለል ላይ ወይም እንቁላል መጣያው ውስጥ ሊያድሩ ነው። ይህን ቄቦቹ ከገቡ በኋላ ለማስተካከል መሯሯጥ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

መመገቢያና መጠጫ ከ2 አያንስ፤ በመካከላቸው 3 ሜትር ያህል ይኑር፣ አንዱ ጋ ሆና ሌላው እንዳይታያት። አንዲት ኃይለኛ ዶሮ አንድ መመገቢያ ላይ ቆማ አሥሩን ማስራብ ትችላለች፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ግን አትችልም። ጥግ ላይ አታስቀምጡ። የምትበላዋ በሁለት በኩል መውጫ ያስፈልጋታል።

መዋያው ባዶ ሜዳ ከሆነ መሸሸጊያ አብጁ፦ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሳንቃ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ በሁለት በኩል የተከፈተ ሳጥን፣ ከፍ ያለ ጉቶ። ሕጉ አንድ ነው፤ መግቢያ ያለው ሁሉ መውጫ ይኑረው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሳጥን መሸሸጊያ ሳይሆን ወጥመድ ነው።

ቄቦቹ ገና ትንንሽ ከሆኑ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ክፍል መሥራት ይቻላል፦ በሳንቃ ወይም በሽቦ የታጠረ፣ በሩ ለቄብ የሚበቃ፣ ለትልቅ ዶሮ የሚጠብ። የበሩን ስፋት ከ10 ሴ.ሜ. ጀምሩና ቄቧ ሳትጨነቅ እስክታልፍ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር አስፉት፤ ከዚያ ትልቋ ማለፍ አለመቻሏን አረጋግጡ። ውስጡ መኖና ውሃ ይኑር። ቄቦቹ በአካል ሲስተካከሉ ይህ ዘዴ ያበቃል።

የመኖው እንቆቅልሽ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። ለታዳጊ ቄብ የሚያስፈልጋት 1 በመቶ አካባቢ ነው። እንቁላል የማትጥል ቄብ ትርፉን ካልሲየም የምታወጣው በኩላሊቷ ነው፤ ለሳምንታት ከቀጠለ ኩላሊቷ ይጎዳል። መንጋው አንድ ላይ ሲበላ ደግሞ «ይህ የአንቺ፣ ያ የእሷ» ብሎ መለየት አይቻልም።

መፍትሔው ሁሉንም ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው የታዳጊ መኖ ማብላት፣ ካልሲየሙን ደግሞ ለብቻው በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ነው፦ የተሰባበረ የባሕር ዛጎል ወይም እህል የሚያህል የኖራ ድንጋይ። እንቁላል የምትጥለዋ ሰውነቷ ሲጠይቃት ሄዳ ትለቅማለች፤ ቄቧ ብዙም አትነካውም። የእንቁላል ቅርፊት ከተጠቀማችሁ አጥባችሁ አድርቁት፣ እሳት ላይ አመስ አድርጉት፣ ከዚያም ቅርጹ እስኪጠፋ ፍጩት። ቅርጹን ሳይለቅ ከቀረበ እንቁላል ሰብሮ መብላትን ያስተምራል። የታዳጊው መኖ መድኃኒት የተቀላቀለበት ከሆነ እንቁላሉን ሰው መብላት ይችል እንደሆነ ከረጢቱ ላይ አንብቡ።

ከአንድ መኖ ወደ ሌላ ስትሸጋገሩ በ7 ቀን ውስጥ እያቀላቀላችሁ ቀይሩ።

በሽቦ ተለይቶ መተያየት (ከ1 እስከ 3 ሳምንት)

የቄቦቹን ማቆያ በነባሮቹ መዋያ ውስጥ ወይም ተጣብቆ ሥሩት፤ ነባሮቹ በየቀኑ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ይሁን። ሩቅ ጥግ ላይ የተቀመጠ ማቆያ ማንንም አያላምድም። የሽቦው ዓይን ከ2.5 ሴ.ሜ. አይብለጥ። 5 ሴ.ሜ. ዓይን ባለው ሽቦ ቄብ አንገቷን ታወጣለች፣ ወዲያ ማዶ ያለችው ደግሞ አናቷን ትልጠዋለች። ከታች 30 ሴ.ሜ. ያህል ሽቦውን ደርቡት።

የሁለቱንም ወገን መኖ ከሽቦው ጥግ ለጥግ አቅርቡ፤ ፊት ለፊት እንዲበሉ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነባሮቹ የአንገታቸውን ላባ አቁመው ሽቦው ላይ ይወረወራሉ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሰለቻቸዋል። ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለማለፍ የምትጠብቁት ምልክት ይኸው መሰልቸት ነው፦ ነባሮቹ ሽቦው ሥር መሬት ሲጭሩ፣ አሸዋ ሲታጠቡ፣ ቄቦቹም ሳይደነብሩ ሲበሉ። ሁሉም ተረጋግተው አንዷ ብቻ ሽቦውን እየተከተለች የምትመላለስ ከሆነ ምልክት አድርጉባት፤ በኋላ የምታስቸግረዋ እሷ ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ቦታ አለዋውጧቸው። ነባሮቹን ለአንድ ሰዓት ቄቦቹ ማቆያ ውስጥ ዝጉና ቄቦቹን መዋያው ላይ ልቀቁ። ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ብታደርጉት ቄቦቹ መኖው፣ ውሃው፣ መሸሸጊያው የት እንዳለ ማንም ሳያሳድዳቸው ያውቃሉ። በጠብ ጊዜ መንገዱን የምታውቅ ቄብ ትተርፋለች።

አንድ ላይ ማዋል

1. ሊመሽ 2 ሰዓት ያህል ሲቀረው ጀምሩ፣ ከቤት ውጭ። ነባሮቹ አስቀድመው በልተው ይጥገቡ። ጨለማው ጠቡን በራሱ ይገላግላል።

2. ቄቦቹን 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ልቀቁ። ከዚያ ከነባሮቹ ረጋ ያሉትን፣ በተራው ግርጌ ያሉትን ሁለቱን ብቻ አስገቡ። ሰላም ከሆነ በማግስቱ ቀሪዎቹ ይጨመሩ፤ ምልክት ያደረጋችሁባት ዶሮ መጨረሻ ትምጣ።

3. ጥራጥሬ በሰፊው በትኑ፣ አንድ ቦታ አትከምሩ። አጎንብሳ የምትለቅም ዶሮ ለጠብ ጊዜ የላትም።

4. የመጀመሪያው ቀን 30 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 1 ሰዓት፣ ሦስተኛው 2 ሰዓት፤ ከዚያ ግማሽ ቀን። ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ሙሉ ቀን አብረው ይውላሉ። በእነዚህ ሰዓታት ከቦታው አትራቁ።

በዚህ ወቅት ምን መተው፣ ምን ማስቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ያስፈልጋል። አናት ላይ አንዴ ነቁራ መተው፣ ጥቂት እርምጃ ማባረር፣ ደረት ለደረት ቆሞ መፋጠጥ፣ ከመኖ ዘወር ማድረግ፣ ይህ ሁሉ የተራው ቋንቋ ነው። እየተሯሯጣችሁ ባስቆማችሁት ቁጥር ነገ እንደገና ይጀመራል። ደም ከታየ፣ አንዷ ሌላዋን መሬት ላይ ይዛ መንቆር ካልተወች፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንዷን ጥግ ካስያዙ ወይም ቄብ ቀኑን ሙሉ ከተደበቀችበት ካልወጣች ግን ወዲያው ለዩ። ዶሮ ቀይ ነገር ይስባታል፤ አንድ ጠብታ ደም መንጋውን በሙሉ በአንዷ ላይ ያነሣል።

ወደ ቆጡ ማዛወር

ቄቦቹን በጨለማ ቆጥ ላይ አስቀምጦ ጠዋት «አብረው የኖሩ መስሏቸው» ይላመዳሉ የሚል ምክር በሰፊው ይነገራል። አይታመን። ሲነጋ ዶሮዋ አጠገቧ ያለችው እንግዳ መሆኗን ታያለች፤ በሩ ደግሞ ዝግ ነው። የሌሊት ማዛወር ጥሩ የሚሆነው ቀን ላይ 4 ወይም 5 ቀን በሰላም ከዋሉ በኋላ ነው።

ጨለማው ሲጠና በደብዛዛ ባትሪ ቄቦቹን አንድ በአንድ አንሡና በቆጡ አንድ ጫፍ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከፍታው የተለያየ ቆጥ ካለ ዝቅተኛው ለእነሱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ይከፈት። ከሥራው ሁሉ ይህች ደቂቃ ትበልጣለች፤ አርፍዶ የሚነሣ ሰው በራሱ ጊዜ የሚከፈት በር ቢያስገጥም ይሻለዋል። ቄቦቹ ማታ ማታ ወደ ቀድሞ ማቆያቸው መመለሳቸው አይቀርም፤ ከ4 እስከ 7 ምሽት ተሸክማችሁ አስገቧቸው። እንቁላል መጣያው ውስጥ ማደር ከጀመሩ ከመምሸቱ በፊት ዝጉት፣ አለዚያ ኩስ የለመደ ጎጆ ይሆናል።

የማታው ዙር ለሌላም ነገር ይጠቅማል። የአንገቷ ሥር ያለው፣ እህል የምታጠራቅምበት ከረጢት ማታ ላይ ሞልቶ ጠንከር ማለት አለበት። ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ያቺ ቄብ ቀኑን አልበላችም። በሳምንት አንዴ መዝኗት፤ በዚህ ዕድሜ ክብደቷ በየሳምንቱ ካልጨመረ ወይ መኖ እየተከለከለች ወይ ታማ ነው።

አስቸጋሪዋን ማውጣት

ብዙ ሰው የተነቆረችውን ያወጣል። የምትወጣው ነቋሪዋ መሆን አለባት። ከ3 እስከ 4 ቀን መንጋው በማይታያት ቦታ፣ በቂ መኖና ውሃ ይዛ ትቆይ። እሷ በሌለችበት ተራው ይሸጋሸጋል፤ ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ትሆናለች። ነቋሪዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም አውጥታችሁ በ2 ቀን ልዩነት አንድ በአንድ መልሱ። ነቋሪዋ በወጣች ቁጥር ሌላ ነቋሪ የሚነሣ ከሆነ ችግሩ ዶሮዋ አይደለችም። ጥበቱን፣ የመኖውን ፕሮቲንና ጨው፣ ሙቀቱን፣ ቤት ውስጥ የሚበራውን መብራት መርምሩ።

የቆሰለችዋን በጨው ውሃ እጠቡ፦ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። አድርቁና መንጋውን እያየች እንድትቆይ በሽቦ ለይታችሁ አስቀምጡ። ጭራሽ ካራቃችኋት ትረሳለች፤ መላመዱም ከዜሮ ይጀምራል። ቁስሉ ደርቆ ቅላቱ ሲጠፋ ትመለስ።

አውራና እናት ዶሮ

የበሰለ አውራ ዶሮ ሴቶቹ ሲጣሉ መሃል ገብቶ ስለሚገላግል ሥራውን ያቀልላል። ለደቃቃ ቄብ ግን ክብደቱ አደጋ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ላባ እየረገፈ ካያችሁ ለዩት። ከ8 እስከ 10 ሴት ላላቸው አንድ አውራ ይበቃል። ከቄቦቹ መካከል ወንድ ሆኖ የተገኘ ካለ አራት አምስት ወር ሳይሞላው ወሰኑበት።

ከሁሉ የሚቀለው እናት ዶሮ ራሷ መንጋው ውስጥ ስታሳድግ ነው። ነባሮቹን እሷ ትከላከላለች፤ ጫጩቶቹም ስትተዋቸው ቦታቸውን ይዘዋል። የእናንተ ድርሻ ለጫጩት ብቻ የሚሆን የመኖ ቦታና ጥልቀት የሌለው መጠጫ ማዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው ዙር

ሁሉም ተረጋግቶ ከወር በኋላ ጠብ እንደገና ቢነሣ አትደናገጡ። ቄቦቹ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ሲደርሱ አናታቸው ይቀላል፣ ተራቸውም ይለወጣል፤ እስካሁን እንደ ልጅ ያለፏቸው ነባሮች አሁን በቁም ነገር ይፈትኗቸዋል። ይህ ዙር አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ነባሮቹ እንቁላል ቢቀንሱም ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የሚያጣላው እንቁላል መጣያው ነው፤ ለ4 ወይም 5 ዶሮ አንድ ጎጆ ይኑር፣ ቢያንስ አንዱ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ገለል ያለ ቦታ ላይ። ተባርራ ወለል ላይ መጣል የጀመረች ቄብ እዚያው ትለምዳለች። የመጀመሪያው ትንሽ እንቁላል ከመምጣቱ አንድ ሳምንት በፊት በዚያኛው ጎጆ ውስጥ ከእንጨት የተጠረበ እንቁላል ወይም እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ወለሉ ላይ የተጣለውንም ሳይውል ሳያድር አንሡ።